በጉም ውስጥ ሠላሳ የሆነው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። የፈለገውን ሰው ድምፅ የሚያወጣ ሰው። እንደ አሮጊት ሳል ቢሉት ይስላል፣ እንደ ቄስ ቀድስ ቢሉት ይቀድሳል። ሠርግ ቤት የሙሽራይቱን አባት አስመስሎ ሲመርቅ አባትየው ራሳቸው ሳያውቁት «አሜን» ይላሉ። ቆይ ልጄ፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ መሥሪያ ቤቴ ሃያ የውሸት ስም ሰጥቶኝ ፌስቡክ ላይ ሕዝብ መስዬ እጽፋለሁ። መጻፍ ብቻ ማንን ይጎዳል?» ነው ያልከኝ። መልሱ እየመጣ ነው፣ ስልክህን ግን አስቀምጣት።

ይህ ሰው የሚኖርበት መንደር ተራራ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት ጉም ይተኛበታል፤ እጅህን ብትዘረጋ ጣትህን አታይም። የመንደሩ ሰዎች ከዚህ ጉም ትልቅ ነገር አበጅተው ነበር። የጋራ ጉዳይ ሲኖራቸው ሸንጎ የሚቀመጡት በጉሙ ውስጥ ነው። ድሃው ሹሙን ሳይፈራ ይናገራል፣ ምራት አማቷን ሳታፍር የልቧን ትናገራለች። «ማነው የተናገረው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሹሙ ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ ብዙ ድምፅ ወዳለበትም ይፈርዳል።

አንድ ዓመት ሹሙ የተራራውን ደን ለራሱ ያስመነጥር ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ተራራው ላይ ስንጥቅ ታየ። ሕዝቡ በሸንጎ «የደኑ ምንጣሮ ይቁም፣ አለዚያ ተራራው ይወርድብናል» አለ። ሹሙ ተናደደ። ያን ሰው አስጠራና አንዲት የምትታለብ ላም ሰጥቶ፣ «በሚቀጥለው ሸንጎ ሠላሳ ሰው ሁንልኝ» አለው። ሰውየው ጨዋታ መሰለው። መናገር ብቻ አይደል? ማንን ይጎዳል?

ሸንጎው ሲቀመጥ በጉሙ ውስጥ ቦታ እየቀያየረ ይናገር ጀመር። እዚህ ጋ አሮጊት ሆኖ ያስልና፣ «ልጆቼ፣ ይህን ስንጥቅ በልጅነቴ እየዘለልኩት ነው ያደግሁት። ምን ያስደነግጣችኋል?» ይላል። እዚያ ጋ ቄስ ይሆናል፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሸክላ ሠሪ ሴት ይሆናል፣ ከወዲያ ደግሞ ጎረምሳ ሆኖ «ስንጥቅ ስንጥቅ የሚሉት ጠላት የገዛቸው ናቸው!» ብሎ ይጮኻል። እውነተኞቹ ሰዎች ግራ ገባቸው። «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የፈራሁት?» እያሉ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ትርንጎ ጓዟን እየፈታች ነው። ስንጥቁን ፈርታ ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ዘንድ ልትሄድ ጠቅልላ ነበር። «ያቺን ሸንጎ ላይ የተናገረችውን አሮጊት እናት ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ልቤን መለሰችልኝ» አለችው። «ትንሽ ቅቤ ልወስድላት ብል ቤቷን የሚያውቅ ጠፋ።» ሰውየው ሳቁ መጣበትና ፊቱን አዞረ። አቤት! ሳቀ እኮ!

ነሐሴ ላይ ያቺ የተሰጠችው ላም ጠፋች። ሊፈልጋት ተራራው ላይ ቢወጣ ስንጥቁ ውጧታል። ድንጋይ ወረወረ፣ ድንጋዩ ሲያርፍ አልተሰማም። እየወደቀ እየተነሣ ሹሙ ዘንድ ደረሰ።

«ጌታዬ፣ ተራራው ሊወርድ ነው!»

«ተወኝ እባክህ፣ ሕዝቡ ምንም የለም እያለ አንተ ማን ነህ?»

«ጌታዬ፣ ሕዝቡ እኮ እኔ ነኝ!»

በስመ አብ! ሹሙ ረስቶታል። ራሱ ያዘዘውን ውሸት ሰምቶ ሰምቶ አምኖ ተቀምጧል። ይህን ታሪክ ስንቴ አውርቼዋለሁ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ዛሬም ፀጉሬ ይቆማል።

በማግስቱ ጠዋት ሸንጎ ነበር። ሰውየው ጉሙ ውስጥ ገብቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ድምፁ ጮኸ። «ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ! ተራራው ተከፍሏል!»

ከጉሙ ውስጥ መለሱለት። «ያ ሁሉ ሰው ደህና ነው ያለውን አንተ ብቻህን ልታፈርሰው ነው?» አለ አንዱ። «ይሄ ጠላት የገዛው ነው!» አለ ሌላው። የራሱን ቃል ነው የመለሱለት። ከዚያ አንዲት ሴት፣ «ያቺ አሮጊት እናት ትናገር፣ እሷ ውጡ ካለች እንወጣለን» አለች። ትርንጎ ናት።

ምን ያድርግ? ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደ አሮጊቷ ሳለ። «ልጆቼ፣ እኔም ፈርቻለሁ፣ ውጡ...» ብሎ ጀመረ። ግን በዚያው ቅጽበት ከተራራው ጉርምርምታ ተሰማ፤ ደነገጠና ድምፁ አፉ ላይ ተሰበረ። በአሮጊት የጀመረውን በጎልማሳ ጨረሰው፦ «ትርንጎ! ልጆቹን!»

ከዚያ ትርንጎ በዚያ ጉም ውስጥ ተጠይቆ የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቀች።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ። «ቄሱም እኔ ነኝ። ሸክላ ሠሪዋም እኔ ነኝ። ሁሉም እኔ ነኝ።»

ትርንጎ ሮጣ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ሌላው ግን እንደሷ መሮጥ ሲገባው እርስ በርሱ ተያያዘ። «አንተስ ማነህ? አንቺስ እውነተኛ ነሽ?» እየተባባለ ጉሙ ውስጥ ይጨቃጨቅ ጀመር። «እንውጣ!» ብሎ የሚጮኸውንም «ይሄንንስ ማን ልኮት ነው?» ይሉት ነበር። ፀሐይ ሳትበረታ ተራራው ወረደ። ብዙ ቤት ነው የሄደው፣ ልጄ። ሰዎቹንም እየተከራከሩ ናዳው ወሰዳቸው።

ሰውየው ተረፈ፤ ትርንጎም አልፈታችውም። ግን እስኪሞት ድረስ «ትርንጎ፣ ራበኝ» ባላት ቁጥር፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል «ማናችሁ ናችሁ የራባችሁ?» ትለው ነበር። ጉሙም ዛሬ ድረስ በየጠዋቱ ይመጣል፣ በውስጡ የሚናገር ግን የለም።

እንግዲህ ልጄ፣ ጉሙ ያ ስልክህ ነው። ሰው ሹም ሳይፈራ ይናገርበት ነበር። ሹሙ አለቃህ ነው፣ ነገ የምትጽፍለትን ራሱ ያምነዋል። ላሟ ደመወዝህ ናት። ሠላሳ የሆነው ሰው ማን እንደሆነ ግን እኔ አልነግርህም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። የመሥሪያ ቤትህ ፋብሪካ ፍሳሽ ወንዛችን ውስጥ ገባ ተብሎ ሰው ሲጮህ፣ አንዲት «የሦስት ልጆች እናት» ፌስቡክ ላይ «እኔ ለልጆቼ የማጠጣው ይህንኑ ውሃ ነው፣ ምንም አልሆኑም» ብላ ጽፋ ነበር። እህትህ ትናንት ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «ተመስገን፣ እናት አትዋሽም» አለችና ከወንዙ ከሚመጣው ቧንቧ ቀድታ ለሕፃኗ አጠጣች።

ቀና በልና እየኝ ልጄ። አንተ ነህ?