ሚዛን ያሞኘው እህል ነጋዴ

አንድ ስንሻው የሚባል እህል ነጋዴ ነበር። በገበያው እሱን ማታለል ዘበት ነው። ጆንያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሎውን ብቻ አይቶ አይገዛም፤ ጆንያውን በሹል ብረት ወግቶ ከመሃል ያለውን እህል መዳፉ ላይ ያፈሳል። "ሚዛን ስንዴውንና ጠጠሩን አይለይም" ይላል፤ እውነቱን ነው።

ሰውየው ግን ከልክ በላይ ወፍሮ ስኳር ጀማምሮት ነበር። አንዲት ሐኪም በየሳምንቱ የሚወሰድ የክብደት መቀነሻ መርፌ አዘዘችለትና አስጠነቀቀችው።

"አቶ ስንሻው፣ መርፌው የምግብ ፍላጎትዎን ይዘጋል። ሰውነት ሲርበው ግን ስብ ብቻ አይበላም፤ ጡንቻም ይበላል። ስፖርት ይሥሩ፣ ከባድ ነገር ያንሡ፣ እንቁላሉንም ምስሩንም አይተዉ።"

"ስፖርት የምሠራ ከሆነ መርፌው ለምኔ ነው ታዲያ?" አላት። ወይ ብልጠት!

ስንሻው አንድ ደግ ልማድ ነበረው። መራመድ የተሳናቸውን እናቱን፣ ወይዘሮ እንጉዳይን፣ ጧት ጧት አቅፎ አውጥቶ ፀሐይ ያሞቃቸዋል። መርፌውን ከጀመረ ወዲህ ምግቡን እየተወ ድክም ድክም ሲለው ይህንንም ለግቢው ዘበኛ ተወለት። መጋዘን ገብቶ የእህሉ ሚዛን ላይ መውጣት ግን አይረሳም። ኪሎው ወረደ፣ ሱሪው ሰፋው፣ ሰፈሩ አደነቀው። ደስታው ልክ አልነበረውም።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዘበኛው ለቅሶ ሄዶ ሳለ፣ በግቢው አጠገብ የሚያልፈው ወንዝ ሞልቶ ግቢው ውስጥ ገባ። ስንሻው እናቱ ክፍል ሲደርስ ውሃው ከአልጋው እኩል ሆኗል። አቅፎ ብድግ አደረጋቸው። በሩ ሳይደርስ ጉልበቱ ከዳውና አብረው ወደቁ። እንደገና ሞከረ፤ ክንዱ አልታዘዘውም። በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

"እማዬ፣ አንገቴን ያዢ፤ እንዳትለቂኝ" አለ።

ተንበርክኮ የእናቱን ጭንቅላት ከውሃው በላይ ይዞ ጮኸ። ውሃው አገጫቸው ሲደርስ ጎረቤቶች በሩን ገንጥለው ገቡና ሁለቱንም አወጧቸው።

በማግስቱ እናቱ እግር ሥር ተቀምጦ አለቀሰ።

"ልጄ፣ ስብህ ብቻ ሄዶ ቢሆን ደስ ባለኝ" አሉት። "ከቀነስከው ውስጥ ግን እኔን የምትሸከምበት ጉልበትም ነበረበት።"

የሰውን ጆንያ ሳይወጋ የማያምን ሰው፣ የራሱን ገላ ለሚዛን አምኖ ሰጠ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉት ይኼ ነው።

ዛሬም መርፌውን ይወስዳል። እናቱን ግን ራሱ አቅፎ ፀሐይ ላይ ካላወጣ መጋዘን አይገባም፤ እንቁላሉንና ምስሩን በልቶም ነው ከቤት የሚወጣው።

መርፌውን አትውቀሱት፣ የታዘዘውን ሠርቷል። መድኃኒት ከላያችን ያለውን ጭነት ሊያቀልልን ይችላል፤ ጉልበት ግን ሠርተን የምናቆየው የራሳችን ድርሻ ነው። እናንተስ "ቀነስኩ" ስትሉ፣ የቀነሰው ምን እንደሆነ አይታችኋል? ነገ ውሃው ቢመጣ የምትሸከሙት ሰው የለም?