የሚያፈሰው ጣራና የሹሙ ካባ

«አንድ ሹም ነበረ» አሉ መምህር ላእከ። የከተማው ጤና ኃላፊ ደግፌ፣ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ያረጀውን የሕፃናት ሆስፒታል እንጠግን ወይስ አፍርሰን አዲስ እንሥራ፣ ገንዘቡ እንደሆነ ለሁለቱም አይበቃም ብሎ ምክር ሊጠይቃቸው መጥቶ ነበር። ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ጀመሩለት።

አንድ ሹም ነበረ፤ የታመሙ ልጆች የሚተኙበት ቤት በእጁ ያለ። ቤቱ አርጅቷል፤ ጣራው ያፈሳል። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልቡ ግን ሌላ ቤት ላይ ነው። ዓይኑን በከደነ ቁጥር ከአሮጌው ቤት በላይ ባለው ጉብታ ላይ ነጭ ቤት ይታየዋል። ጉም ከደጁ ይተኛል፣ መስኮቶቹ እንደ ውሃ ያበራሉ፣ ከውስጥ እሹሩሩ የሚል ድምፅ ቀስ ብሎ ይሰማል። «ይህን ሳልሠራማ አልሞትም!» ይላል። ለአሮጌው አንዲት ቆርቆሮ ስጠን ሲሉት፣ «ለሚፈርስ ቤት? የሞኝ ሥራ!» ብሎ ይቆጣል። ያለው ገንዘብ ግን ነጩን ቤት ከመስኮቱ በላይ አያደርሰውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እናንተ ሹሞች ሕልም መቼ ይጎድላችኋል?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሚፈርሰውን ቤት ሊያይ ገባ። ወዲያው ዶፍ ወረደ። አንዲት እናት ሳንባዋን የታመመች ልጇ ላይ ተደፍታ፣ ፍሳሹ በጀርባዋ ይወርዳል። አልጋውን እንዳታሸሸው ደረቁ ጥግ ሁሉ ሞልቷል። ቀና ብላ አየችው፤ ማን እንደሆነ አላወቀችም።

«ጌታው፣ ከመጡ አይቀር በሞቴ እዚህች ጋ ይቁሙልኝ፤ መድኃኒቷን ላጠጣት።»

ሹሙ ካባውን በሁለት እጁ ዘርግቶ ቆመ። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ካባው ራሰ፣ ክንዱ ዛለ። የጠብታው ድምፅ እንቅልፍ እንቅልፍ አሰኘው፤ ዓይኑ ከደን ሲል ነጩ ቤት መጣ። ገባበት። ከክፍል ክፍል ዞረ። አልጋው ሁሉ ተነጥፏል፤ አንድም ልጅ የለም። «ልጆቹስ?» ብሎ ጮኸ። የሚመልስለት አጣ። ብንን ሲል ከካባው ሥር ያቺ ሕፃን ቁልጭ ቁልጭ እያለች ታየዋለች። አፈረ፤ አለቀሰም።

በማግስቱ ለነጩ ቤት የተገዛው እንጨትና ቆርቆሮ ወደ አሮጌው ተጋዘ። መጀመሪያ አንድ ክፍል ተከደነና ልጆቹ ገቡበት። ከዚያ በጉብታው በኩል፣ ከጎኑ አዲስ ክፍል ተሠራ። ልጆቹ ወደዚያ ሲያልፉ የኋላው ፈረሰ፤ ድንጋዩም ለሚቀጥለው ክፍል ሆነ። ገንዘብ በተገኘ ቁጥር እንዲሁ። ቤቱ ሕፃናቱን እንዳዘለ በዝግታ ጉብታውን ወጣ። አሮጌው የት ጋ እንዳለቀ፣ አዲሱ የት ጋ እንደጀመረ ለይቶ የሚናገር ሰው እስከ ዛሬ የለም።

መምህር ላእከ ወደ ደግፌ ዞሩ።

«ሹሙ አንተ ነህ፤ አትቀየመኝ። እንጠግን ወይስ እንሥራ አልከኝ። ሁለቱም ደግ ነው፤ ግን የጠየቅኸኝ ስለ ቤቱ ነው። ልጅ ደግሞ እናንተ ተሰብስባችሁ እስክትወስኑ ሕመሙን አያቆይላችሁም። ክረምቱ ይኸው ገባ። በል፣ ዛሬ የሚመጣውን ልጅ የት እንደምታስተኛው መጀመሪያ ንገረኝ። ስለ ቤቱ ከዚያ በኋላ እናወራለን።»