ግንበኛውና የተደፈኑት መስኮቶች

«አንድ ግንበኛ ነበረ» አሉ የኔታ ስምረአብ፣ ትርንጎ ጥያቄዋን እንደ ጨረሰች። ትርንጎ ለከተማው ምክር ቤት ከተመረጠች ገና ሦስት ወሯ ነው። ጥያቄዋም ይህ ነበር፦ «የኔታ፣ የካርቦን ልቀት ቀንሱ ተብለናል። ምክር ቤታችን ደግሞ ትንሽ ነው። ከማን እንጀምር?» የኔታም እንዲህ ብለው ነገሯት።

ይህ ግንበኛ እሱ የካበው ድንጋይ አይነቃነቅም የሚባልለት ሰው ነበር። ሕዝቡ እውነተኛነቱን አይቶ የከተማው ምክር ቤት አባል አድርጎ መረጠው። ስብሰባ ላይ ግን ብዙ አይናገርም። አዳራሹ ውስጥ በተቀመጠ ቁጥር ዓይኑ ግድግዳው ላይ ያርፍና ያፍራል።

የሚያፍርበት ምክንያት ነበረው። አዳራሹ ቀድሞ አሥራ ሁለት ሰፋፊ መስኮቶች ነበሩት። ከዓመታት በፊት የነበረ ከንቲባ «ደጅ የቆመ ሁሉ ወሬያችንን ይሰማል» ብሎ በብሎኬት እንዲደፈኑ አዘዘ። የደፈናቸውም ይኸው ግንበኛ ነው። ያኔ ወጣት ነበር፤ ሥራ አገኘሁ ብሎ ደስ እያለው በአራት ቀን ጨረሰው። ከዚያ ወዲህ አዳራሹ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ሆነ። አምፖል ካልበራ ሰው ከሰው አይተያይም፤ ማራገቢያ ካልዞረ ትንፋሽ ያጥራል። የመስመሩ መብራት ደግሞ ጠዋት መጥቶ ረፋድ ላይ የሚጠፋ ነው። ስለዚህ ጓሮ የቆመው የናፍጣ ጄኔሬተር ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል፤ ጭሱም አጥሩን ተሻግሮ ገበያው ላይ ይተኛል።

አንድ ቀን፣ ከተሞች ሁሉ ወደ ሰማይ የሚለቁትን ጭስ እንዲቀንሱ የሚያዝ ደብዳቤ ከበላይ መጣ። ከንቲባው ምክር ቤቱን ሰበሰበና ከጄኔሬተሩ ጩኸት በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«የዚህ ከተማ ጭስ ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል። ከነገ ጀምሮ ከሰል ይዛ ገበያ የወጣች ሴት ከሰሏ ይወረስ!»

ከሰል ደን እንደሚጨርስ ግንበኛው ያውቃል። ነገር ግን ጎረቤቱ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ አራት ልጆች የምታሳድገው በከሰል መሆኑንም ያውቃል። እጁን አወጣ።

«ከሰሉ ጭስ አለው፤ አልክድም። የኛስ?»

«የኛ ምን?»

«ይሄ የሚያጓራው።»

ከንቲባው ሣቀ። «የኛማ ለሥራ ነው። ደግሞስ ከከተማው ጭስ ጋር ስትተያይ ምን አላት?»

«የከሰል ሻጯም ለሥራ ነው። የኛ ኢምንት ከሆነች ደግሞ ለመተው አትከብደንም።»

«አርፈህ ተቀመጥ!» አለው ከንቲባው። ድምፅ ተሰጠ። ከግንበኛው በቀር ሁሉም እጁን አነሣ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ደንብ አስከባሪዎች የጎረቤቱን ሁለት ጆንያ ከሰል ጭነው ሄዱ። እሷ አላለቀሰችም። መንገድ ላይ አገኘችውና «አንተም እዚያ ነበርክ አሉ» አለችው።

«ነበርኩ። ተናገርኩ፤ አልሰሙኝም።»

«አፍማ ሁሉም አለው» አለችና ጥላው አለፈች።

ግንበኛው ቤቱ ገብቶ መዶሻና መሮውን ይዞ ወጣ። ምክር ቤቱ በዚያው ሰዓት ስለ ከሰሉ ውሳኔ ለበላይ የሚላከውን ሪፖርት ሊያጸድቅ ተሰብስቦ ነበር። እሱ በበሩ አልገባም። በምሥራቁ ግድግዳ በኩል ዞሮ የመጀመሪያውን መስኮት ይቀጠቅጥ ጀመር። ውስጥ ያሉት የመሬት መንቀጥቀጥ መሰላቸው። ሪፖርቱ ላይ አቧራ ዘነበ። ከዚያ አንድ ብሎኬት ተገንድሶ ወደቀ፤ በቀዳዳውም ፀሐይ ገባ።

ከንቲባው እየሮጠ ወጣ። «አብደሃል? የመንግሥት ንብረት እኮ ነው!»

ግንበኛው መዶሻውን አላሳረፈም። «የደፈንኩት እኔ ነኝ። የምከፍተውም እኔ ነኝ።»

«ትታሰራለህ!»

«ልታሰር። እስኪመጡ ግን ሁለተኛውን እጀምራለሁ።»

ፖሊሶች ሲደርሱ ሦስተኛውን ጨርሶ ነበር። እጁ እየደማ ወሰዱት፤ እሱ ግን በገበያው መሀል ቀና ብሎ ሄደ።

ዘጠኝ ቀን ታሰረ። በሁለተኛው ቀን ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ በሦስቱ መስኮቶች የገባው ብርሃን አዳራሹን ሞልቶት ነበር። አንዲት ባልቴት አባል ተነሥተው አምፖሉን አጠፉ። «ያብሩት» ያላቸው የለም። ቀጥሎ ጄኔሬተሩ ጠፋ። ጩኸቱ ጸጥ ሲል የገበያው ሰው ድምፅ ገባ፤ የነሱም ወሬ ወጣ። ከሰል ሻጮቹ መስኮቱ ሥር ተሰበሰቡ።

«ከቢሮ እስከ ባንክ በእግር አይደረስም? መኪና ምን ያስነሣችኋል?» አለች አንዷ።

«ወንዙ ዳር ቆሻሻ የሚያቃጥለውስ ማን ነው? የናንተ መኪና አይደለም የሚደፋው?» አለች ሌላዋ።

የምክር ቤቱ አባላት አፈሩ፤ ካፈሩ በኋላም ሥራ ጀመሩ። ከምክር ቤቱ አምስት መኪኖች ሦስቱ ቆሙ። ቆሻሻ ማቃጠል ቀረና የሚበሰብሰው ተለይቶ ለአትክልተኞች ማዳበሪያ ሆነ። የተወረሰው ከሰል ለባለቤቶቹ ተመለሰ። በመጨረሻም ሴቶቹን ጠርተው ከሰጋቱራና ከቡና ገለባ የሚጠፈጠፍ ከሰል እንዲሠሩ ማሽን አቀረቡላቸው። የግንበኛው ጎረቤት ማሽኑን ዞራ አየችና «ትናንት ብትሉኝ እምቢ እል ነበር። ዛሬ እሞክራለሁ» አለች።

ግንበኛውን ግን ይቅርታ ጠይቅ አሉት። «ይቅርታ የምጠይቀው ስለ ደፈንኩት ነው። ስለ ከፈትኩትስ አልጠይቅም» አለ። ከምክር ቤት ሰረዙት፤ የቀሩትን ዘጠኝ መስኮቶችም ሌላ ግንበኛ ቀጥረው አስከፈቱ።

የኔታ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ግንበኛ እናንተ ናችሁ። የደፈናችሁትን ታውቁታላችሁ፤ በእጃችሁ ነው የሠራችሁት። የድሃውን ምድጃ ከመቁጠራችሁ በፊት የራሳችሁን ግቢ ዙሩት፤ የምትነዱትን፣ የምታበሩትን፣ የምታቃጥሉትን እዩ። የኛ ትንሽ ናት የሚልሽ ካለ፣ ትንሽ ከሆነች ዛሬውኑ እናጥፋት በይው። ቀድሞ ያደረገ ምክር ቤት ሲያዝዝ ይሰማል።»

ትርንጎም ጠየቀች፦ «ቢያባርሩኝስ የኔታ?»

«ያባርሩሻ!» አሉ የኔታ። «ብትባረሪም አየሩን የምትተነፍሺው አንቺው ነሽ።»