በሐሳብ የተሮጠ አሥር ሺህ ሜትር

ዶክተር መንበሩ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለውድድር የሚላኩ ሯጮችን እንዲመረምሩ ተሾሙ። እሳቸው ያላሳለፉት ሯጭ ከአገር አይወጣም። ፈተናቸው አንድ ነበር፦ ሯጩን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ዓይኑን አስጨፍነው፣ አሥር ሺህ ሜትሩን በሐሳቡ እንዲሮጥ ያዛሉ። “አንደኛ ወጣሁ” ያለውን ሁሉ “ትዕቢተኛ ነህ” ብለው ጣሉት፤ “ተቀደምኩ” ያለውንም “ወኔ የለህም” ብለው አሰናበቱት።

በመጨረሻ አንዲት ምላሷ የሰላ ሯጭ ገባች። ቡድኑ ባዶ ሊቀር ነው ብለው የተጨነቁት አሠልጣኞች በር ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ጥቂት ቆየችና ገለጠች።

“ስንተኛ ወጣሽ?” አሏት ዶክተሩ።

“ሁለተኛ።”

“አየሽ፣ ወኔ የለሽም። ለመሆኑ ማን ቀደመሽ?”

“እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር።”

ዶክተሩ ቦርጫቸውን ዳሰስ አድርገው፣ “እኔ ደግሞ መቼ ሮጬ አውቃለሁ?” አሉ።

“ለዚያ እኮ ነው የቀደሙኝ” አለች። “እኔ በሐሳቤ ስሮጥም እግሬ ይደክመኛል፤ እርስዎን ግን ምን ያደክምዎታል? በሐሳብ ሩጫ የሚችልዎት የለም። ወኔዬን ከተጠራጠሩ ግን ሜዳው ቅርብ ነው፤ ወርደን በእግራችን እንድገመው።”

ዶክተሩ በመስኮት ሜዳውን አዩና፣ “አልፈሻል፣ ሂጂ” አሉ።