«በፍቅር ነን» ያለው ማኅበር

አንድ ጊዜ እንስሳት የሰውን መንፈሳዊነት አይተው ቀኑና እነሱም የጽዋ ማኅበር አቋቋሙ። በወር በወሩ እየተሰበሰቡ ይጸልያሉ፣ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ጽዋ ይጠጣሉ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ አንበሳ ነበር። የመረጠው ባይኖርም የተቃወመውም የለም። ጅብም አባል ነው። «ረቡዕና ዓርብን አጥብቄ እጾማለሁ» ብሎ ሲገባ በቀሩት ቀናት ምን እንደሚበላ የጠየቀው አልተገኘም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ፍቅር ያደፈርሳል ተባለ።

ሕጋቸው አንድ ነው፦ የተቀያየመ ሳይታረቅ ከጽዋው አይቀምስም። ስለዚህ ጽዋው ከመከፈቱ በፊት ሙሴው «የተቀያየመ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። በጣም ጥሩ ሕግ ነው፤ እስካልተጠቀሙበት ድረስ ማንንም አያስቸግርም።

አህያና በግ ጎረቤታሞች ነበሩ። ከማኅበር ሲመለሱ በገደሉ አፋፍ አብረው ይሄዳሉ። በግ ከአህያ ጎን እያለች የሚደፍራት የለም፤ የአህያን ርግጫ ጅብ አንድ ጊዜ ቀምሶ ሁለት ጥርሱን አጥቷል።

ችግሩ አህያ ጸሎት ሲመራ ያናፋል። በግ ከጸሎቱ አንድ ቃል አትሰማም። «አያ አህያ፣ እባክህ ቀስ በል» ብትለው በደቂቃ ባለቀ ነበር። እሷ ግን ጨዋ ናትና ፊት ለፊት መናገር ነውር መሰላት። ሄዳ ለማኅበርተኛዋ ለቀበሮ ነገረቻት።

«እመት ቀበሮ፣ ለማማት አይደለም፤ ለጸሎት እንዲሆንሽ ብዬ ነው። የአያ አህያ ድምፅ ጸሎቱን ይውጠዋል።»

«ውይ እህቴ፣ በጸሎት እይዘዋለሁ» አለች ቀበሮ። የያዘችውንም ይዛ በቀጥታ አህያ ቤት ሄደች።

«አያ አህያ፣ ስለምወድህ ነው የምነግርህ። በግ ‹ድምፁ የአጋንንት ነው› ብላሃለች።»

አህያ ጆሮው ወደቀ። ሄዶ «እውነት እንዲህ ብለሻል?» ብሎ ሊጠይቃት ይችል ነበር። እሱ ግን «ስለ ፍቅር ብዬ ዝም እላለሁ» አለ። ዝምታውም ሰላምታ መንሳትና በሯ ላይ ሲያልፍ ፊቱን ማዞር ነበር።

ጅብ ይህን ሲሰማ ሊያጽናናው ገሰገሰ። «እኔ እውነት ስትነካ አልወድም! ከእንዲህ ያለችው ጋር መንገድ መሄድ ኃጢአቷን መካፈል ነው።» ከዚያ በግ ቤት ጎራ አለ። «እህቴ፣ አያ አህያ ካኮረፈሽ ምን ታደርጊያለሽ? በገደሉ ሥር ሂጂ፣ አቋራጭ ነው። እኔ በጸሎት አልለይሽም።»

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። አንበሳ የዳቦው ሽታ አፍንጫውን ሲመታው ጥያቄውን በአንድ ትንፋሽ አወረደው። «የተቀያየመ አለ? የለም አይደል?»

«የለም! በፍቅር ነን!» አሉ ሁሉም። አህያና በግ ጀርባ ለጀርባ እንደተቀመጡ አሉ። ከሁሉ አስበልጦ የጮኸው ጅብ ነበር። አንበሳ ደስ አለው፤ ምሳ የማያዘገይ ሰላም ይወዳል። ጽዋው ዞረ፣ ሁሉም ጠጣ።

ሲበተኑ አህያ በአፋፉ፣ በግ በገደሉ ሥር ለየብቻ ሄዱ። ጅብ ቃሉን አክባሪ ነው፤ አልተለያትም። ጠባቡ መታጠፊያ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

በግ ማምለጫ ፈልጋ ዞር ዞር አለች። ሞት ከፊቷ ቆሟል፣ ከኋላዋ እንደ ግድግዳ የቆመ ገደል። «አያ ጅቦ፣ አንተ መንፈሳዊ ነህ» አለች። «ቂም ይዤ አልሙት። ይቅርታ ልጠይቅና ብላኝ።»

ጅብ መንፈሳዊ ሲባል ልቡ ቀለጠ። «ደግ አሰብሽ። ብቻ ቶሎ በይ።»

በግ ወደ ላይ ጮኸች። «አያ አህያ! ድምፅህ ጸሎቱን ይውጠዋል! ያልኩት ይህን ብቻ ነው! ለአንተ መንገር ሲገባኝ ለሌላ ተናገርኩ፤ ይቅር በለኝ!»

አህያ አፋፉ ላይ ቀጥ አለ። «‹የአጋንንት ነው› አላልሽም?»

«አላልኩም!»

«ታዲያ ማን አለው?»

ሙግቱ ሲረዝም ጅብ ትዕግሥቱ አለቀ። «ኤጭ! ቀበሮ ናት የጨመረችበት! እንድታጣላችሁ አንድ ታፋ ቃል ገብቼላታለሁ። በቃ፣ ገባችሁ? አሁን ልብላ!»

በማኅበሩ ዘመን ሁሉ ከጅብ አፍ የወጣ የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር።

አህያ አንገቱን ዘርግቶ አናፋ። ገደሉ ተንቀጠቀጠ፣ አንበሳ ከምሳ እንቅልፉ ባነነ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ተንጋግቶ መጣ። ጅብ ጭራውን ሸጉጦ ፈረጠጠ።

በተከታዩ ወር አንበሳ «የተቀያየመ አለ? የለም አይደል?» ሲል በግ ተነሣች። «አለ፣ ጌታዬ። ከአያ አህያ ጋር ተቀያይመን ሳለ ዋሽተን ጠጥተናል።»

«እኔም ሳልጠይቃት አኮረፍኳት» አለ አህያ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ፣ አሁን ድምፄ እንዴት ነው?» ሲል ጠየቃት።

በግ ዕንባ አቀረረች። «ነፍሴን አትርፏል፣ እስክሞት አልረሳውም። ጸሎቱን ግን አሁንም ይውጠዋል።»

አህያ ትንሽ ከፋው። ቆይቶ ሳቀ፤ የዚያን ቀንም በቀስታ ጸለየ። ዳቦው ቀዘቀዘ፣ አንበሳ አጉረመረመ። ቀበሮ ግን ጠጋ ብላ «ምን ተባባላችሁ? ለጸሎት እንዲሆነኝ ነው» አለች። በግና አህያ ተያዩ፤ «ጽዋውን ከመንካትሽ በፊት ያንቺን ጥፋት ንገሪን» አሏት። ቀበሮ ቤቷ እንግዳ እንዳለባት ትዝ አላት።

ከዚህ የምንማረው በወንድማችን ላይ ያለንን ቅሬታ «ለጸሎት» እያልን አገር ካዞርነው በኋላ «በፍቅር ነን» ብለን ከምንጠጣ፣ ሄደን ለራሱ በእውነትና በርኅራኄ ብንነግረው ከጅብ አፍ ሳንደርስ እንደምንታረቅ ነው።