በሞሚና ሰላጤ ጀልባ ለምን አይደበደብም

በቀይ ባሕር ጠረፍ፣ የአፋር ዓሣ አጥማጆች በሚኖሩበት አንድ ጥግ፣ የሞሚና ሰላጤ የሚባል ውኃ አለ። በሦስት ወገን ጥቁር ኮረብታ ከቦት፣ በአራተኛው ደግሞ ከውኃው በታች የተጋደመ አለት አጥሮት፣ መግቢያው አንዲት ጠባብ በር ብቻ ናት። ጠዋት ጠዋት ዶልፊኖች በዚያች በር ገብተው እዚያው ይውላሉ። መዋኘት የፈለገ ከእነሱ ጋር ይዋኛል፤ የሚከለክለው የለም። ግን ሳይንቦጫረቅ፣ ሳይጮኽ፣ እጁንም ሳይዘረጋባቸው ነው። ባለ ሞተሩ ሞተሩን ከበሩ ውጭ አጥፍቶ እየቀዘፈ ይገባል። ከሩቅ የመጣ ጎረምሳ ከጀልባ ላይ ዘሎ ውኃው ላይ ጧ ብሎ ሲያርፍ፣ ዳር የተቀመጡት ሽማግሌዎች አይቆጡትም፤ እንደታመመ ሰው አዝነው ያዩታል፤ ይኼ ደግሞ ከስድብ ይብሳል።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው ይባላል። ድሮ የዚያ መንደር ሰዎች ዓሣ የሚያጠምዱት በድብደባ ነበር። መረቡን ይዘረጉና ከወዲያ በኩል ሆነው የጀልባቸውን ጎን በዱላ ይቀጠቅጣሉ፤ ዓሣው ደንግጦ ወደ መረቡ ይሮጣል። በዚህ ሥራ ካዳፎን የሚያህል አልነበረም፤ እሱ ሲመታ ኮረብታዎቹ እየተቀባበሉ ይመልሱለት ነበር ይላሉ። ታላቅ ወንድሙ ዴርሳ ሳምቡክ በምትባለው ባለ ሸራ ጀልባ ወደ ሩቅ ባሕር ሲሄድ፣ ሚስቱን ሞሚናንና ልጆቹን ለካዳፎ አደራ ሰጥቶ ሄደ።

ያን ዓመት ዓሣ ጠፋ። ካዳፎም እንደማንኛውም የባሕር ሰው አሰበ። በሰፊው ባሕር ላይ ዶልፊን ከታየ ከሥሩ ዓሣ አለ፤ ታዲያ እነዚህ ሰላጤው ውስጥ የሚውሉት ምን እየበሉ ነው? ብሎ መረቡን እነሱ ባሉበት ዘረጋና ከንጋት እስከ ምሽት ቀጠቀጠ። የወጣ ነገር የለም። በማግስቱም ያው። እሱ በመታ ቁጥር ዶልፊኖቹ ካንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይሸሻሉ፤ ዓሣ እያሳደዱ መስሎት ይከተላቸዋል። በመጨረሻ መግባት ተዉ፤ ገና ከሩቅ ዱላውን ሲሰሙ ይመለሱ ጀመር።

ለዶልፊን ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አልነበረም። ግን ከየብስ የሚነሣው የአሸዋ ነፋስ ኮረብታዎቹን ሲሸፍን፣ ከሩቅ የሚመለሱ ጀልባዎች በሩን የሚያገኙት በማለዳ የሚገቡትን ዶልፊኖች ተከትለው ነበር። በእነዚያው ቀናት ነፋሱ ተነሣ። ሞሚና ኮረብታው ላይ ወጥታ ስትመለከት፣ አቧራው ሳሳ ሲል የባሏ ሸራ ከአለቱ ወዲያ ብቅ ይልና ይጠፋል፤ ወዲህ ይሄዳል፣ ወዲያ ይመለሳል። በሩ ጠፍቶበታል። የዱላው ድምፅ እንኳ ከኮረብታ ኮረብታ እየነጠረ ከየት እንደሚመጣ አይለይም። ዴርሳና ጓደኞቹ የያዙት የሚጠጣ ውኃ ማለቂያው ደርሷል፤ ታንኳ ልኮ ለመምራት ደግሞ በሩ ላይ ያለው ማዕበል ከአለቱ ጋር ያላትማል።

ሞሚና ወርዳ ካዳፎ ዘንድ ሄደች።

«ዱላውን አስቀምጥ» አለችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ዱላ ባስቀምጥ ልጆችሽ ምን ሊበሉ ነው? አሸዋ?»

«እስከ ዛሬስ ዓሣ በልተው ነው? ሲበሉ የከረሙት የአንተን ጩኸት ነው።»

ዳር የነበሩት ሳቁ። ካዳፎ አልሳቀም፤ መዳፉ ውኃ ቋጥሮ ዱላውን እንኳ በቅጡ አይጨብጥም ነበር።

«እዚህ ዓሣ የለም፣ ካዳፎ» አለች። «ጠዋት ቆዳ ሳጥብ አያቸዋለሁ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚዞሩት። ሌሊቱን ሲያድኑ ያድሩና ለመተኛት ይገባሉ። አንተ መረብ የዘረጋኸው ሰው አልጋ ላይ ነው።»

ካዳፎ ዱላውን አየ፣ መዳፉን አየ። «ተኝተው ነው?» አለ። ሌላ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ዱላውን ግን ጣለው።

በማግስቱ ንጋት ድብደባ አልተሰማም። ዶልፊኖቹ በሩ ድረስ መጡና ቆሙ፤ አልገቡም። ሞሚና ልብሷን እንደለበሰች ቀስ ብላ ውኃው ውስጥ ገባች፤ በሩ አጠገብ እስክትደርስ ዋኝታ፣ ማዕበሉ ከማይደርስበት ቦታ በጀርባዋ ተንጋልላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ተንሳፈፈች። እሷም ስንት ሌሊት ዓይኗን ሳትከድን ያደረች ነበረችና ማስመሰል አላስፈለጋትም። መጀመሪያ አንዷ መጥታ ዞረቻት፣ ከዚያ ሌሎቹ ገላቸው እስኪነካት ተጠጉ። ቀስ እያለች ወደ ውስጥ ስትዋኝ አብረዋት ዋኙ። አንዳንዶች ጠርታ አስገባቻቸው ይላሉ፤ ሌሎች ግን ዝም ከማለት በቀር ምንም አላደረገችም ይላሉ። ብቻ በሳምቡኳ ላይ መሪውን የያዘው ዴርሳ፣ የዶልፊኖቹ ጀርባ በአቧራው ውስጥ በአንድ መስመር ሲሄድ አየና ሸራውን አዞረ።

ሳምቡኳ ገባች። ከንፈራቸው የተሰነጣጠቀ ሰዎች ወረዱ። ዴርሳ ውኃ እንደጠጣ አሸዋው ላይ ጋደም ከማለቱ እንቅልፍ ወሰደው። ካዳፎ ወንድሙን በሕይወት ሲያየው ደስታው አላስችል አለውና ዱላውን አንሥቶ የጀልባዋን ጎን ሊደበድብ ሰነዘረ። ሞሚና እየተንጠባጠበች ክንዱን ያዘችው።

«ተው» አለች በሹክሹክታ፤ «ገና መተኛታቸው ነው።»

ባሏንና ጓደኞቹን ትበል ዶልፊኖቹን ማንም አልጠየቃት። ያን ቀን መንደሩ በሙሉ በሹክሹክታ ዋለ፤ ሕፃናት እንኳ በጥቅሻ ተጣሉ ይባላል። ካዳፎም ከዚያ ወዲያ ዱላውን ይዞ ከበሩ ውጭ፣ በጣም ርቆ፣ እየተነጫነጨ ያጠምድ ነበር።

ልማዱ ረሀብን አላጠፋም። ዛሬም ሰዎቹ ለዓሣ ሩቅ ይቀዝፋሉ፤ አንዳንዴ ይዘው፣ ብዙውን ጊዜ ደክሟቸው ብቻ ይመለሳሉ። ንጋት ላይ በሩን አልፈው ሲገቡ ምን ያዛችሁ ተብለው አይጠየቁም። መረቡን ሳያወርዱ ቀስ ብለው ውኃው ውስጥ ይገቡና፣ በዶልፊኖቹ መካከል በጀርባቸው ተንጋለው ትንሽ ይቆያሉ። እንግዳ ሰው ጠጋ ብሎ ይኼ ነገር ምንድነው ብሎ ከጠየቃቸው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እንዲህ ይሉታል፦

«ቆይ ወንድሜ፤ ስንነቃ እንነግርሃለን።»