በትሁነኝ በኩል

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ይህ ዋርካ ገና ፍየል የምትቀነጥሰው ችግኝ ሳለ፣ ከወንዙ ዳር ይርዳው የሚባል ወጣት ሸማኔ ነበር። እናቷ የሞተችባትን ልጁን ትሁነኝን ብቻውን ያሳድግ ነበር።

ይርዳው ለልጆች መንደሩን ይሥል ነበር። አመድ ይበትናል፤ በጣቱ ወንዙን ያሰምራል፤ ጠጠር ያስቀምጣል። «ይህ የማን ቤት ነው?» ይላል። «የእኛ!» ይላሉ። ከዚያ እነሱም ይሥላሉ። ጎረቤቱ እማማ ውዲቱ ይስቁበት ነበር።

«አንተ ሰው፣ ጥጡ አልቆብህ አመድ ትሸምናለህ?»

ወንዙ ሁለት መሻገሪያ ነበረው። አንዱ በክረምትም ያሻግራል። ሌላው ክረምት ሲገባ ሰው ይበላል። አንድ የክረምት ቀን ትሁነኝ ማዶ ላለችው አክስቷ ልቃቂት ልታደርስ ተነሣች። ለብቻዋ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው። ይርዳው በአመዱ ላይ አሳያት። እሱ ከአመዱ ወንዝ ወዲህ በመንደሩ በኩል፣ እሷ ወዲያ በማዶው በኩል፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው።

«በግራው ተሻገሪ፣ እሺ የኔ እናት?»

«በግራው። አውቄያለሁ አባባ፣ ሕፃን አይደለሁም እኮ!»

ልቃቂቱ ከሰው በላው መሻገሪያ በታች ቁጥቋጦ ላይ ተጠምጥሞ ተገኘ። ትሁነኝም ከዚያው ታች።

ይርዳው አላለቀሰም። ሲቀብሯት «በግራው አልኳት» አለ። ሲያጽናኑት «በግራው እኮ ነው ያልኳት» አለ።

ለቀስተኛው ሲበተን አመዱ እንዳለ ነበር። ሄዶ በትሁነኝ ቦታ ተቀመጠ። ግራ እጁን ዘረጋ። እጁ ሰው በላው መሻገሪያ ላይ አረፈ። ተነሣ፤ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እንደገና ዘረጋ። እጁ እዚያው አረፈ።

ከዚህ ሆና በአመዱ ላይ በግራዋ ባየችው መሻገሪያ ነው የሄደችው፤ ልጅቷ አልተሳሳተችም።

ሌላ ክረምት ሲቃረብ አመዱን ይዞ ወጣ። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ሰበሰቡ። «የራሱን አስበላ፤ ደግሞ የእኛን ሊጨምር?» አሉ። እማማ ውዲቱ ብቻ የልጅ ልጃቸውን እየጎተቱ መጡ።

«በል አስተምረው። ወንዙ እንደሆነ የትም አይሄድልንም።»

ይርዳው ከልጁ ጎን ተቀመጠ። ከዚያ አስነሥቶ ከአመዱ ማዶ ወሰደውና እዚያም ከጎኑ ተቀመጠ። «ይህ በትሁነኝ በኩል ነው። እዚህ ግራው ቀኝ ይሆናል» አለው። ቀስ በቀስ ሌሎቹም መጡ። ሁሉንም እንዲሁ አዞራቸው።

አንድ ቀን ልጆቹ ማዶ እንጨት ሲለቅሙ ዝናብ ጣለ። ውሃው ደፍርሶ ሁለቱን መሻገሪያ አንድ አስመሰላቸው። ልጆቹ ጭቃው ላይ ሣሉ። «አሁን እኛ በትሁነኝ በኩል ነን» አለ የእማማ ውዲቱ የልጅ ልጅ። በቀኙ ተሻገሩ። ሁሉም በደህና መንደር ገቡ።

እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ወደየቤታቸው ሄዱ። ይርዳው መሻገሪያውን እያየ ቆሞ ቀረ። ሌላ የሚመጣ አልነበረም።

እስከ ዛሬ በዚያ አገር መንገድ የሚያሳይ ሰው ከተቀመጠበት ይነሣል። ዞሮ ከጠያቂው ጎን ይቀመጣል። «ቆይ፣ በትሁነኝ በኩል ልየው» ይላል። ይህን ሳይል እጁን የሚዘረጋ የለም።